ኩባንያ ሲበድል ዕዳው በማን ላይ ነው?

ሰው ቢሰርቅ ይታሰራል፤ ኩባንያ ሲበድል ግን ማን ይታሰር? ኩባንያ የሚጸጸት ልብ፥ ሰንሰለትም የሚገባበት እጅ የለውም። ያለው ገንዘብ ነውና ሲፈረድበት ገንዘብ ይከፍላል። በዚህስ ፍርድ ተፈጸመ ይባላልን?

ነገሩ በባዶ ቃል እንዳይቀር በጀርመን አገር የሆነውን እናንሣ። ሲመንስ የሚባለውን ስመ ጥር ኩባንያ በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የሙኒክ ዐቃቤ ሕግ አስፈተሸው። ከ2001 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ብቻ፥ ሥራ ለማግኘት ሲል ለውጭ አገር ሹማምንት ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ መማለጃ እንደ ከፈለ የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ገለጹ። በታኅሣሥ ወር 2008 ኩባንያው ለአሜሪካ 800 ሚሊዮን ዶላር፥ በሙኒክም 395 ሚሊዮን ዩሮ ሊከፍል ተስማማ። ይህን የከፈለ ማን ነው ቢሉ ባለ አክሲዮኑ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ስለ መማለጃው አንዳች ያልሰማው ብዙ ነው።

እኔን ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ያስደነቀችኝ አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት። ክፍያውን የሚፈቅደው ሰው አንዳንድ ጊዜ ፊርማውን በሰነዱ ላይ አያኖርም ነበር፤ በሰነዱ ላይ ተለጥፋ ኋላ ያለ ምልክት በምትላቀቅ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይፈርም ነበር እንጂ። መርማሪ ሲመጣ ወረቀቲቱ ትነሣለች፤ ሰነዱ ይቀራል፥ ፈራሚው ግን የለም። ይህን ብልሃት ያወጣ ሰው ክፋቱን አላወቀም ማለት አይቻልም፤ በቅን የሚሠራ ሰው ስሙን የሚሸሽግበት ምክንያት የለውምና።

በፈራሚው ላይስ ክርክር የለም፤ ክርክሩ ከፈራሚው በላይ ስለ ተቀመጠው አለቃ ነው። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሠራተኛ ያለው ሰው የእያንዳንዱን እጅ ሊያይ አይችልም፤ ሎሌ በሰረቀ ጌታው ይታሰር ማለትም ግፍ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አለማወቅ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ሊያውቅ ሽቶ መንገድ ያጣ ሰው አለማወቅ ነው፤ ሁለተኛው እንዳይነገረው በሩን የዘጋ ሰው አለማወቅ ነው። ካህኑ ዔሊ የልጆቹን በደል አልሠራም፤ ወሬውንም ሰምቶ በቃል ገሥጿቸዋል፤ ከሥራቸው ግን አልከለከላቸውም፥ የተፈረደበትም ስለዚህ ነው። ደግሞስ ትርፍ ሲገኝ በእኔ ጥበብ ነው ብሎ ሽልማቱን የተቀበለ አለቃ፥ በደል ሲገለጥ እኔ በቤቱ እንግዳ ነኝ ቢል በምን ሚዛን ይመዘንለታል?

በሐምሌ ወር 2008 የሙኒክ ፍርድ ቤት በአንድ የመካከለኛ ማዕረግ ሥራ አስኪያጅ ላይ ሁለት ዓመት እስራት በገደብ ፈረደበት፥ 108,000 ዩሮም አስከፈለው። ቀድሞ የኩባንያው ዋና አለቃ የነበሩት ሃይንሪክ ፎን ፒረር ግን በደል የለብኝም እንዳሉ በ2009 ለኩባንያው 5 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማምተው ነገሩን ጨረሱ። ኩባንያው የጠየቃቸውም መማለጃ ሰጥተዋል ብሎ አይደለም፤ የመቆጣጠር ግዴታቸውን አልፈጸሙም ብሎ ነው። በልባቸው የነበረውን እኔ አላውቅም፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዳኛም አለቃውን «አዘሃልን?» ብሎ ብቻ አይለቀውም፤ «ለማወቅ ምን አደረግህ? መጥቶ የነገረህንስ ሰው ሾምኸው ወይስ አባረርኸው?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።