ተቀበል!

«የተሰጠኝን ነው ያልኩት» የሚል ሰው ከተጠያቂነት ነፃ ነውን? ይህን ጥያቄ ያነሳብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በብርዳማዋ አምባ ጊዮርጊስ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ የሆኑት አጎቴ ለልጃቸው የጊታር ድምፅ ማጉያ ሊሠሩ ተነሡ። በትራንዚስተር ሳይሆን እንደ ጥንቱ ሬዲዮ በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ ነው። ሥራውን ለሁለት ሣጥን ከፈሉት። ትንሹ ሣጥን ከጊታሩ የሚመጣውን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቮልት እንኳ የማይሞላውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ከፍ ያደርጋል፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ እየመጠነ ጠባዩን ይወስናል። ኢሲሲ83 የተባለችው ቫልቭ የምትሠራው እዚህ ነው። ትልቁ ሣጥን ግን ጉልበት ነው። ከአሮጌ ሬዲዮኖች የተነቀሉ ሁለት ኢኤል84 ቫልቮች፣ ከባድ ትራንስፎርመሮችና እስከ 300 ቮልት የሚይዙ ካፓሲተሮች አሉት። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ሰው ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ሊቀርበት ስለሚችል እንዳንነካው ተከልክለን ነበር።

ሁለቱን ማራራቅ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የትልቁ ትራንስፎርመር ጉርምርምታ ወደ መጀመሪያዋ ቫልቭ ከገባ፣ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይጎላል።

ሥራው አልቆ ሲሞከር ማጉያው አጓራ። ሁላችንም ትልቁን ሣጥን ጠረጠርን። አጎቴ ግን ትንሹን ከፍተው፣ መግቢያው ላይ በወጉ ያልተበየደች አንዲት ሽቦ አገኙ። «ትልቁ ምን ያድርግ? የሰጡትን ነው የሚናገረው» አሉ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚባለውን ተረት በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። ጥፋተኛው ያመነጨው እንጂ ያጎላው አይደለም ብዬ ደመደምኩ።

ይህ ፍልስፍናዬ የቆየው እስከ ጥር ሠርግ ድረስ ብቻ ነበር። ማጉያው ሁለት መግቢያ ስለነበረው በአንዱ ጊታሩ፣ በሌላው የአዝማሪው ማይክሮፎን ተሰካ። አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው በማሲንቆው እያጀበ ይደግማል። አንድ ሞቅ ያለው እንግዳ በአንዲት ባልቴት ድህነት፣ ለልጃቸው ድግስ ድስት በመዋሳቸው የሚያላግጥ ግጥም ሰጠ። ድንኳኑ ውስጥ ቢቀር የስካር ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። አዝማሪው ተቀበለው፤ ትንሹ ሣጥን አሳመረው፤ ትልቁ ሣጥን እስከ ባልቴቷ ደጃፍ አደረሰው። ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ መውጣት ተዉ።

ማን ይጠየቅ? እንግዳው «ሰክሬ ነበር» አለ። አዝማሪው «የተሰጠኝን ነው ያልኩት» አለ።

የአዝማሪው መልስ የዋዛ አይደለም። ይህ ወግ ጋሻው ነው፤ ኃይለኛን ፊት ለፊት መውቀስ ያልደፈረ ሰው በአዝማሪ አፍ ሊወቅስ የሚችለው በዚሁ ወግ ነው። ታሪክ ግን ሌላም ይመሰክራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቱ ገዥ በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ። የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው የሚል ወሬ ይነዛሉ ብሎ ፈርቷቸው ነበር። ወሬውን መጀመሪያ ያመነጨው ማን እንደሆነ ለመለየት አልጨነቀውም፤ የሚያስፈራው ማጉላታቸው ነበርና።

እነዚያን አዝማሪዎች ዛሬ በክብር እናነሳቸዋለን። ነገር ግን አዝማሪ የሰው ቃል ማስተላለፊያ ሽቦ ብቻ ከሆነ፣ የምናከብረው ምኑን ነው? እውነትን በማጉላቱ ክብር የሚገባው ሰው፣ ውርደትንም በማጉላቱ ነቀፋ ይገባዋል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። ዛሬ በእጅ ስልኩ የሰው ስም የሚያጠፋ ነገር ለሺዎች አዳርሶ «እኔ አጋራሁ እንጂ አልጻፍኩም» የሚለው ሁሉ፣ የዚያ ሠርግ ትልቁ ሣጥን ነው። ልዩነቱ ሣጥኑ ምርጫ የለውም፤ እሱ ግን አለው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሳይፈላሰፉ ገብቷቸዋል። በሳምንቱ ብቻቸውን ወደ ባልቴቷ ቤት ሄደው «ግጥሙ የኔ አይደለም፤ ያጎላሁት ግን እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ሴትዮዋ ቡና አፈሉላቸው። «እስካሁን ደጄን የረገጥከው አንተ ብቻ ነህ» ብለው አለቀሱ።

አጎቴ ከዚያ ሲመለሱ በትልቁ ሣጥን ላይ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ጨመሩ። ቫልቮቹ እንደ ጋሉ፣ ከፍተኛውን ቮልት ብቻ ቆርጣ ማጉያውን ዝም የምታሰኝ ናት። በሠርግ ቤት ግጥም የሚሰጥ ሰው በተነሣ ቁጥር እጃቸውን እሷ ላይ ያደርጋሉ፤ መጀመሪያ ይሰማሉ።