ቡናው አልደረሰም

ግንቦት 1999 ዓ.ም. ነበር። ሸዋ ቤንች ላይ ዝናቡ ለአፍታ ሲያባራ ጭጋጉ ገና ከቡናው ላይ አልተነሣም። ለሕዝብና ቤት ቆጠራው ከተመለመሉት ወጣት አስተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ከደረስኩባቸው ቤቶች አንዱ ረጅሙ ቅጽ የወጣለት ስለነበር ከእናትየዋ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጬ ጥያቄውን አንድ በአንድ አነብላቸው ጀመር። ሥራ የሚለው ላይ ደረስን።

«እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሥራ? ቡናው መቼ ደረሰና፣ ልጄ! አሁንማ ሥራ የለኝም።»

ይህን ሲሉኝ እጃቸው የጎደሬ ማሳ አፈር እንደለበሰ ነው። ከምድጃው በላይ ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ ጭስ ይጠጣል። ጥግ ላይ ሰሞኑን ከቀፎ የወረደ ማር ተከድኖ ተቀምጧል። እኔም ዱካው ላይ የቆየሁት እሳቸው ቆልተውና ወቅጠው የጣዱት ጀበና እስኪፈላ ነበር። ያሉትን እንዳሉት ጻፍኩ። ብዙ ቤት ይቀረኝ ነበርና ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። ልወጣ ስል ጎረቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። እናትየዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱላቸው፤ «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል፤ ነገ እመጣለሁ!»

ይህን ሁለተኛውን መልስ ያኔ አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ጆሮዬ ሰምቶታል፤ እስክሪብቶዬ ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፎ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አገሮች ሥራን የሚመድቡባቸውን ሁለት መጻሕፍት አነበብኩ። አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ አራተኛው ክለሳ የዓለምን የኢኮኖሚ ሥራ ሁሉ በ419 ክፍሎች ይደለድላል። ሌላው የዓለም ሥራ ድርጅት የሙያ መደብ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ እትም 436 ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የምትሠራበት ቦታ ምን እንደሚያመርት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አንተ በእጅህ ምን እንደምትሠራ። በበቃ ቡና እርሻ ላይ መኪና የሚያሽከረክር ሰው በአንዱ መጽሐፍ ከቡና አብቃዮች ጋር ይቆጠራል፣ በሌላው ሾፌር ነው።

አንዲት የቡና ፍሬ በሐሳቤ ይዤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ተጓዝኩ። ዛፏ ላይ ሳለች ቁጥሯ 0127 ነው፤ ጎረቤቶቿ ሻይና ካካዎ ናቸው። ለገበያ ስትቆላ 1079 ትሆናለች። ርእሱ ሌላ ቦታ ያልተመደቡ የምግብ ውጤቶች ይላል። (እኛ ዘንድ ጎረቤት የሚያሰባስበው ቡና መቁላት እዚያ «ሌላ» መሆኑ ትንሽ ከንክኖኛል።) ሚዛን ከተማ ውስጥ አንዲት ልጅ መንገድ ዳር በጀበና አፍልታ ስትሸጣት 5630 ናት። ያችው ፍሬ እማማ ቤት ተቆልታ፣ ተወቅጣ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብላ ስትጠጣ ግን ለብቻዋ ቁጥር የላትም፤ ቤተሰብ ለራሱ ከሚሠራው ሌላ አገልግሎት ጋር ተደባልቃ 9820 ውስጥ ትገባለች። እጁም ጀበናውም ያው ነው፤ የጎደለው ሒሳብ የሚከፍል ሰው ብቻ።

ኮረሪማው ደግሞ ይብሳል። ከጫካ ከተለቀመ 0230፣ ሰው ከተከለው 0128። የእማማ ኮረሪማ የበቀለው ከቡናው ጋር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ እዚያ ጓሮው የት አልቆ ጫካው የት እንደሚጀምር እሳቸውንም ብጠይቃቸው የሚስቁብኝ ይመስለኛል። ማሩ ከሰጎንና ከጥንቸል እርባታ ጋር 0149 ውስጥ ገብቷል። እናትየዋ በአንድ ቀን ብዙ ገጽ ሲገልጡ ይውላሉ፤ በእኔ ቅጽ ላይ የነበረው አንድ ጠባብ ሳጥን ነው።

በቁጥሮቹ ላይ ግን ጨክኜ መፍረድ አልችልም። የእኛም አገር ሥራን ከጥንት ጀምሮ ሲመድብ ኖሯል፤ ጠይብ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ እያለ። በአጎራባች ካፋ ማንጆ የሚባለው ማኅበረሰብ በአደን በመተዳደሩ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ ተደርጎ ኖሯል። አጤ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ ዕድሜ በልጧል። ያኛው መደብ ሰውየውን ከነልጅ ልጁ ይይዛል፤ ማረሻ መቀጥቀጡን ቢተውም እንኳ አይለቀውም። መጽሐፉ ግን የሚመድበው ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን አይደለም። ዛሬ 0127 የነበረ ነገ 5630 ቢሆን ማንም ማዕድ አይለይበትም። የመጽሐፉ ቅዝቃዜ እዚህ ላይ ደግነት ሆኖ ታየኝ።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጄኔቫ ላይ 19ኛ ጉባኤያቸውን አድርገው ሥራን እንደገና ተረጎሙ። ለቤት ፍጆታ ጎደሬ መቆፈርም፣ ለቤተሰብ ምግብ ማብሰልም፣ ውኃ መቅዳትም ሥራ ነው አሉ። «በሥራ ላይ ያለ» የሚባለው ግን ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራው ብቻ ሆነ። ይህን ሳነብ እናትየዋ ትዝ አሉኝ። መስመሩን እሳቸው ከጉባኤው ቀድመው አስምረውት ነበር፤ ገንዘብ የሚያመጣው ቡና ነው፣ እሱ ደግሞ አልደረሰም፤ ለእኔ ሥራ የለኝም አሉ። ለጎረቤታቸው ሥራ በዝቶብኛል አሉ። ጄኔቫ በሁለት ስም የለየውን እሳቸው በአንዱ «ሥራ» በሚለው ቃል፣ ሰሚውን እያዩ ለዩት። ስተው አልነበረም። ከሁለቱ መልሶች አንዱን ብቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቆጠራ ወዲህ በአገሪቱ ሌላ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተካሄደም። በእኔ የእጅ ጽሑፍ እማማ አሁንም ሥራ የላቸውም።