በግድ የሚሞላ ሳጥን
ከሲያትል ከተማ ሶዶ ሰፈር ሆኖ የሽሮ ሜዳ ነጠላ በኢቤይ የሚሸጥ ሰው «ብራንድ» የሚለውን ሳጥን ሳይሞላ አያልፍም እንበል። በእጅ የተሸመነ ነጠላ ግን ብራንድ የለውም። ታዲያ ተገዶ የሚጽፈው ሁሉ ውሸት ነው? የነገረ መለኮት ሊቁ አውግስጢኖስ ውሸትን የመዘነው በማታለል ሐሳብ ነው፤ በዚህ ሚዛን «ብራንድ የለውም» ብሎ መሙላት ንጹሕ እውነት ሲሆን፣ ሳጥኑን ለማለፍ ሲባል የፈጠራ ስም መለጠፍ ግን ገዢውን ማሳሳት ነው።

«ማን ይጎዳል? ጥፋቱ የአስገዳጁ ነው» የሚል ይኖራል። ግዴታው አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ግን የሚያስገድደው መልስ እንዲሰጥ እንጂ እንዲዋሽ አይደለም። ስምም ተራ ነገር አይደለም፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሶዶ የሚገኘው ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ስሞች ተወዛግቦ በ2007 እ.ኤ.አ. የተስማማው፣ ስሞቹ የኢትዮጵያ ሀብት ናቸው በሚል ክርክር ነበር። ሳጥኑ ከብራንድ ይልቅ የሸማኔውን ስም ቢጠይቅ ግን ይሻል ነበር።