ስለ ልብስ ብዛት

ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በሁለት መንግሥታት መካከል የተከፈለች ከተማ ናት። ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣውን ልባሽ ጨርቅ በኬንያው ወገን «ሚቱምባ» ይሉታል፥ በኢትዮጵያው ወገን ደግሞ «ሰልባጅ»። በኬንያ ቀረጥ ተከፍሎበት በሕግ ይገባል፤ በኢትዮጵያ ግን ለንግድ እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ አንዱ ሸሚዝ ድንበሩን ሳይሻገር ሸቀጥ፥ ከተሻገረ በኋላ ኮንትሮባንድ ይባላል። ይህን የጉምሩክ ሹማምንት ይመርምሩት፤ እኛ የምንጠይቀው ስለ ገዢው ልብ ነው።

ርካሽነት ኅሊናን ያስተኛል። ባለ ወርቀ ዘቦው ገንዘቡን ማባከኑን ራሱም ጎረቤቱም ያውቃሉ። በጥቂት ሽልንግ ሦስት ሸሚዝ የገዛ ሰው ግን አተረፍሁ እያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሣጥኑ ውስጥ ካሉት ሌሎች ሸሚዞች በላይም ይከምራቸዋል። የዋጋው ማነስ ልብሱ እንደሚያስፈልገው ያስረዳልን? ደግሞስ ዋጋውን በሙሉ የከፈለው እርሱ ነውን? አንድ የጥጥ ካናቴራ፥ ጥጡ ከሚበቅልበት ጀምሮ እስኪሰፋ ድረስ፥ ወደ 2,700 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ይህም 135 ጀሪካን መሆኑ ነው፤ ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ለሞያሌ ሰው ትርጕሙን ማስረዳት አያሻም።

ቦንዳው በተፈታ ጊዜ ልብሶቹን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሌላም ነገር ይታየዋል። እያንዳንዱ ቀሚስ በሩቅ አገር አንድ ሰው ወዶ የገዛው፥ ኋላም የሰለቸው ነው። ብዙው ገና አላረጀም፤ ከጨርቁ በፊት የባለቤቱ ፍቅር አልቆበታል። ሳያስፈልገን የምንገዛ እኛም ያንኑ መሰልቸት አብረን እንገዛለን።

እናቶቻችን ጥጡን በእንዝርት ፈትለው፥ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት አራት እጥፍ ጋቢ በታጠበ ቍጥር ይለሰልስ ነበር። ቀን ይለበሳል፥ ሌሊት ይደረባል፤ ባረጀም ጊዜ ሕፃን ይታቀፍበታል። ደስታው በዘመን ብዛት የሚገኝ ነበረና በገበያ ቀን አይሸመትም። አንባቢ ሆይ፥ ሣጥንህን ገልብጠህ ልብስህን ፀሐይ አሙቀው፤ የወለቀውን ቍልፍ ትከል፥ የተረሳውንም ኮት በሚመጣው እሑድ ልበስ። አዲስ ነገር ዓይንህን ቢስበው እስከሚቀጥለው ገበያ ታገሥ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምኞቱ በመካከል ይረሳል። (ጥቂት ልብስ ስላለው የሚመካ ሰውም አለ፤ እርሱም ከባለ ብዙው አይሻልም።)

ሕዝቡ ምን እናድርግ ብለው መጥምቁ ዮሐንስን በጠየቁት ጊዜ በመጀመሪያ ያነሣባቸው የልብሳቸውን ነገር ነበረ።

ታዲያ ሁላችን መግዛትን ብንቀንስ የሻጪቱ እንጀራ ምን ይሆናል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፥ በቀላልም አይመለስም። ነገር ግን የገበያውን ሥርዓት እንመልከት። ቦንዳ በሚፈታበት ማለዳ ደኅና ደኅናውን መርጦ የሚያነሣ ገንዘብ ያለው ነው። ለልጇ ሱሪ የምትፈልግ ድኻ እናት የምትመጣው ዋጋ በሚወርድበት ሰዓት፥ ወደ ማታ ነው፤ የምታገኘውም ሌሎች አገላብጠው የተዉትን ነው።