በፊሽካ የማያበቃ ጨዋታ

ኤፕሪል 18 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ማታ፣ ሮድ አይላንድ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ፖታኬት ከተማ ውስጥ ሁለት የቤዝቦል ቡድኖች ሜዳ ገቡ። ዕለቱ የምዕራባውያኑ ቅዳሜ ሹር ነበር፤ እኛ ዘንድ ገና የሆሳዕና ዋዜማ ነው። የቤዝቦል ወጉ ዘጠኝ ዙር ነው፤ እኩል ከወጡ አንዱ እስኪያሸንፍ ዙር ይጨመራል። ፖታኬትና ሮቸስተር 2 ለ 2 እንደሆኑ 32ኛው ዙር ደረሱ። ብርዱ ስለጠናባቸው ተጫዋቾቹ የተሰበረ መምቻ እያነደዱ ይሞቁ ነበር። ጨዋታ ሌሊት ከተወሰነ ሰዓት እንዳያልፍ የሚያዝ ደንብ ሊጉ ነበረው፤ ዳኞቹ በያዙት የዚያ ዓመት የደንብ መጽሐፍ ላይ ግን ሳይጻፍ ቀርቷል። በመጨረሻ የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኝቶ ይቁም ሲል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሆኖ ነበር፤ ትንሣኤያቸው ሊነጋ። ከ1,740 ተመልካች 19 ሰው ቀርቷል። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው፣ በ33ኛው ዙር፣ በ18 ደቂቃ ፖታኬት 3 ለ 2 አሸነፈ።

ይህን ያጫወተኝ ሜሪላንድ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እንደ እናንተ ማሕሌት ቆመው አደሩ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያደግሁት ጎንደር፣ ከቀሐ ኢየሱስ ደወል ሥር ነው። ሌሊቱን ሲቆም ያደረ ሰው እነዚያን 19 ሰዎች አይስታቸውም፤ ሰዓት አይቶ አይወጣም፤ የሚወጣው ነገሩ ሲፈጸም ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ለሰው የተሰጠው ጊዜ ነው ወይስ ዕድል? የአንድ ሰው ነገር የሚያበቃው ሰዓቱ ሲሞላ ነው ወይስ የተሰጠው ዕድል ሁሉ ሲያልቅ?

ቤዝቦልን ያየሁት በልጅነቴ ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ጎንደርንም አዳርሰዋል። ከእኛ መምህራን አንዱ ከክፍል በኋላ አራት ጆንያ በሜዳው ላይ ዘርግቶ፣ መምቻ አስይዞ ሊያስተምረን ሞከረ። እሱ ኳሱን በደረታችን ትክክል ይወረውራል፤ እኛ መምቻውን ወደ መሬት አዘንብለን ኳሱ እስኪወድቅ እንጠብቃለን። ኳስ በዱላ የሚመታው መሬት ላይ ሲሽከረከር መሆኑን ከአባቶቻችን ተምረን ነበርና። መምህሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ተስፋ ቆርጦ ጆንያውን ሰበሰበ። ሆራስ ዊልሰን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ መምህር በ1872 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ያንኑ ጨዋታ ለተማሪዎቹ አሳይቶ፣ ጃፓን እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። እኛ ዘንድ ያልበቀለው የዱላና የኳስ ቦታው ተይዞ ስለነበር ይመስለኛል።

የያዘው የገና ጨዋታ ነው። መኸሩ ከገባ በኋላ በወገራና በዳባት ሜዳ ላይ የላይ መንደርና የታች መንደር ሰው ይሰለፋል። ሩሯ ከጠንካራ እንጨት የተድቦለቦለች ወይም ከቆዳ የተጠፈረች ናት፤ ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። ዓላማው ሩሯን ከባላጋራ ዳርቻ ማሳለፍ ነው። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም። ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ይገባሉ፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ጌታው በዚያ ቀን አይቆጣም። ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ ይህ ሕግ ነው። ጨዋታው ደግሞ ፊሽካም የለውም። ጨዋታው የሚያበቃው ሩሯ በምሽቱ ውስጥ አልታይ ስትል ነው። «አሁን ነው» የሚል ሰው አልነበረም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ያቆማል።

ዛሬ ጎንደር የእግር ኳስ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከጃን ተከል እስከ ፒያሳ የነበረውን ደስታ የማያስታውስ የለም። እኔም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ቀጥሎ የምለውን የምለው በራሴም ላይ ነው። አንድ ለባዶ እየመራን 80ኛው ደቂቃ ሲያልፍ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ተጫዋች በረኛው ነው። ኳስ አቅፎ ሲወድቅ እወደዋለሁ። እግሩን ይዞ ሲንከባለል፣ የሕክምና ሰው ሲጠራ፣ የጫማውን ክር ሲያስር፣ «ተኛ!» ብዬ እጮኻለሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ አንድ ወጣት የሌላውን ጊዜ ሲሰርቅለት ያጨበጭባል። አራተኛው ዳኛ የተጨመረውን ደቂቃ በሰሌዳ ሲያነሣማ ሰዓቱ በግልጽ ይታያል፤ እኛም የምንጠብቀው ጎል ሳይሆን የደቂቃ ማለቅ ይሆናል። በእግር ኳስ የሚመራ ሰው ምንም ባለማድረግ ሊያሸንፍ ይችላል።

በቤዝቦል ይህ መንገድ ዝግ ነው። አንድ ቡድን የሚሸነፈው በዘጠኙ ዙር ውስጥ 27 ሰው እስኪቃጠልበት ድረስ መትቶ ነው። (ልጆች በሰኞ ማክሰኞ «ተቃጠልሽ» እንደሚሉት ነው።) አሥር ነጥብ ብትመራም፣ ምሽት ቢሆንም፣ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ቢፈልግም፣ ለ27ኛው ሰው ኳሱን ሊመታው በሚችልበት ቦታ መወርወር አለብህ። ባላጋራህ ዕድሉን ከእጅህ ሳይቀበል ልታሸንፈው አትችልም። ሽሽት እንኳ ቢኖር ዋጋ አለው፤ አንድ ኃይለኛ መቺ ቢያስፈራህ ሆን ብለህ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ልታሳልፈው ትችላለህ፤ ግን ሰውየው አሁን ሜዳህ ውስጥ ቆሟል።

መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የወንድሜ ልጅ ደወለና ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ ያዘልኝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ለኪዳን ተነሥቼ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዘገየሁ። ማያሚ ላይ ጃፓንና አሜሪካ ለዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ፍጻሜ ደርሰው፣ በዘጠነኛው ዙር ጃፓን 3 ለ 2 ትመራለች፤ አሜሪካ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷታል። የቀረው ማይክ ትራውት ነው፤ የሚወረውርለት ሾሄይ ኦታኒ። ሁለቱ በአሜሪካ ሊግ ያኔ የአንድ ቡድን ባልደረቦች ነበሩ። ኦታኒ ኳሱን አቅፎ ሊወድቅ አይችልም። ጉልበቱን ይዞ ሊንከባለል አይችልም። በዓለም ላይ ከሁሉ ለሚፈራው መቺ፣ ለወዳጁ፣ ሙሉ ዕድሉን ሊሰጠው ግድ ነው። አንድ ውርወራ እስኪቀራቸው ተፋጠጡ፤ ኦታኒ ቢስት ትራውት በነጻ ያልፋል፤ ትራውት ቢስት ዋንጫው የጃፓን ነው። ትራውት ሳተ። እንደዚያ ያለ ፍጻሜ በእግር ኳስ አላየሁም፤ የፍጹም ቅጣት ምትም ቢሆን ሁለቱ ወገኖች ሰዓት ካለቀባቸው በኋላ የሚሄዱበት ነገር ነው።

(በቤዝቦል ነጥብ የሚሆነው ከመነሻው ወጥቶ ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ ሰው ነው፤ ነገሩን ወደ ጠፋው ልጅ ታሪክ የሚስቡት አሉ። ለእኔ ይህ ቀላል ስብከት ነው፤ የጠፋው ልጅ ሲመለስ የሚያባርረው ሰው አልነበረም።)

ይህን ሁሉ የአንድምታ መምህር ለሆኑት ጎረቤቴ ነገርኋቸው። የኔታ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ዛሬም «ልጄ» ይሉኛል። ሐሳቤን የደገፍሁት በወንጌል ነበር። በወይኑ ቦታ በአሥራ አንድ ሰዓት የተቀጠሩት ሠራተኞች ከማለዳዎቹ እኩል አንድ ዲናር ተቀበሉ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ፈያታዊ ዘየማን ዕድሜውን በሽፍትነት ፈጅቶ፣ እጁ ተቸንክሮ ምንም ሊሠራ በማይችልበት ሰዓት፣ በአንድ ቃል ገነት ገባ። በእግር ኳስ ሒሳብ ሁለቱም የማይሆን ነገር ነው፤ ሰዓቱ ሄዷል፣ ውጤቱ ተይዟል። በቤዝቦል ግን 26 ሰው የተቃጠለበት ቡድን አሁንም ጨዋታው ውስጥ ነው፤ የቀረው አንዱ ሰው ቆሞ እስከመታ ድረስ ምን ያህል ነጥብ ሊያስገባ እንደሚችል ወሰን የለውም። ምሕረት የሚሠራው እንዲህ ነው አልኋቸው።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝና፣ «ሞትስ?» አሉ። «ሞት ፊሽካ አይደለም ወይ? ፈያታዊ እኮ ምሽቱን እግሩ ተሰብሮ ሞተ። ሰዓት ነበረው።»

ሰዓቱን አያውቅም ነበር አልኋቸው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም እንደማያውቅ ጌታ ሲናገር እኔ ብዙ ዘመን እንደ ማስፈራሪያ እሰማው ነበር። አሁን እንደ ቸርነት እሰማዋለሁ። ሰዓቱ ሜዳው ላይ ቢሰቀልልን ሁላችን ያ በረኛ እንሆናለን። የሚመራው ይተኛል፤ ጻድቅ ነኝ ብሎ ያሰበ ሰው «ሦስት ደቂቃ ቀረኝ» ብሎ ጽድቁን አቅፎ መሬት ላይ ይንከባለላል። የሚመራበትም ተስፋ ይቆርጣል፤ አራት ለባዶ ሲሆን 88ኛው ደቂቃ ላይ ማን ይሮጣል?

«ሰዓት ከሌለ ደግሞ ሰው ንስሐውን ለነገ ይለዋል» አሉ የኔታ። ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ በቤዝቦል ጊዜ ባይቆጠርም ዕድል ይቆጠራል፤ ሦስት ጊዜ የሳተ መቺ ይወጣል። እሳቸው ግን አልቆሙም። «ያንተ ጨዋታ ምሕረትን ያውቃል፤ ሞትን አያውቅም። ሰው 33 ዙር አይኖርም።»

በዚህ አሸነፉኝ፤ ቢያንስ ቤዝቦልን አሸነፉት። ገናን ግን ያሸነፉት አይመስለኝም። በወገራው ሜዳ ላይ ፀሐይ እንደምትጠልቅ ሁሉም ያውቃል፤ መቼ ሩሯ ከዐይን እንደምትሰወር ግን ማንም አይናገርም። የሚመራው መንደር ሊተኛ አይችልም፣ ያን ጊዜ ገና ብርሃን ነውና፤ የሚመራበትም ተስፋ አይቆርጥም።

አትሌቲክሳችንን ረስተሃል የሚለኝ ይኖራል፤ ኢትዮጵያዊ በሰዓት እንጂ በምን ይታወቃል? ነገር ግን ሩጫ የሚሰጥህ ርቀት ነው፤ ሰዓቱ ቆሞ ያይሃል እንጂ አይዘጋብህም። ሲድኒ ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው፣ ቴርጋት 25 ዙር ሙሉ ዕድሉን ተቀብሎ ነው የተሸነፈው። ጳውሎስም ስለ ፍጻሜው ሲጽፍ ሩጫን መጨረስን አንሥቷል። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን ማራቶን ባሸነፈበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ቤዝቦል ለማሳያ ቀርቦ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ ጨዋታዎች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር ተገናኝተዋል።

ከዚያ በኋላ ቤዝቦል በኦሎምፒክ አልደላውም። ከ1992 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ሜዳሊያ ተሰጠበት፣ ወጣ፣ ቶኪዮ ላይ ለአንድ ጊዜ ተመለሰ፣ ፓሪስ ላይ እንደገና ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ባየሁት ክላሲክ 20 አገሮች ተሳትፈዋል፤ ፊፋ 211 አባል አለው። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጓንቱ፣ መምቻው፣ ሰፊው ሜዳ። የደባርቅ ልጅ ግን ጨርቅ ጠቅልሎ ኳስ ይሠራል። ይሁንና ዓለም የወደደው የኳሱን ርካሽነት ብቻ አይመስለኝም፤ የፊሽካውንም ምቾት ነው። ሥራ ያለው ሰው መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቀውን ነገር ይወዳል።

ለዚህ የሚመሰክርብኝ የወንድሜ ልጅ ራሱ ነው። በዚያው በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሊግ ወርዋሪው ላይ ሰዓት ጫነ፤ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሰከንድ፣ ካለ 20። የአንድ ጨዋታ አማካይ ርዝመት ከሦስት ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። የማያሚው ፍጻሜ ያለዚያ ሰዓት ነበር የተካሄደው። እኔ ይህን ስሰማ አዘንሁ፤ እሱ ተደሰተ። ሰዓቱ ወርዋሪውን ያጣድፈዋል እንጂ 27ኛውን ሰው አይነጥቀውም፣ ምንህ ነው የጎደለው አለኝ። ልክ ነው፤ እንዲያም ሆኖ አልተዋጠልኝም። «ጋሼ» አለኝ፣ «እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ሌሊት አምስት ሰዓት ሥራ እገባለሁ። ያ 24 ደቂቃ እንቅልፌ ነው።»