ስለ እግዚአብሔር ፍርድና ስለ ንስሐ በዳዊት መዝሙር

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን በቀድሞው ልማድ ፊደል የቈጠረ ሕፃን ንባብን የሚያጸናው በዳዊት መዝሙር ነበረ። ዳዊት የደገመ ሰውም ተማረ ይባል ነበር። ስለዚህ ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ለጆሮአችን የቀረበ ይህ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ለጆሮ የቀረበ ሁሉ ለልብ ቀርቦአል ማለት አይደለም። አፋችን ብዙ ጊዜ ያለፈበትን ቃል ልባችን ቆሞ ሳይጠይቀው ይቀራል። እነሆ፥ ከዚህ መጽሐፍ ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም እግዚአብሔር እውነተኛ ዳኛ ከሆነ በደለኛውን እንዴት ይምራል? ከማረውስ የተበደለው ሰው ፍርድ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው።

መዝሙረኛው ራሱ በዚህ ነገር በሁለት አፍ የሚናገር ይመስላል። በመዝሙር 7ና በመዝሙር 25 እግዚአብሔር እንዲፈርድለት ይጠራዋል፤ ልቡ እንዲመረመርም ሳይፈራ ይጠይቃል። በመዝሙር 142 ግን እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ወደ ፍርድ እንዳይገባ ይማልዳል፤ በሕይወት ካሉት ሁሉ አንድ ስንኳ በፊቱ ጻድቅ ሆኖ ሊቆም አይችልምና። (እዚህ የምንቈጥረው በግእዙ መጽሐፍ ቍጥር ነው። ግእዙ የሰባ ሊቃናትን ትርጓሜ ስለሚከተል የዕብራውያንን 9ኛና 10ኛ መዝሙር አንድ አድርጎ ይቈጥራል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው መዝሙር በዕብራይስጡ በአንድ ቍጥር ይበልጣል።) እንግዲህ ፍርድን የሚሻና ፍርድን የሚፈራ ይህ ሰው አንድ ሰው ነውን?

ነገሩ ሲመረመር ግን መጣላት የለበትም። በመዝሙር 7 ያለው ሙግት የሰውና የሰው ሙግት ነው። መዝሙረኛው ባላደረገው ነገር ተከሶአል፤ ስለዚህ አድርጎት ቢገኝ ጠላቱ እንዲረግጠው በራሱ ላይ እስከ መፍረድ ደርሶ ይናገራል። በመዝሙር 142 ያለው ችሎት ግን ሰው ከባልንጀራው ጋር ሳይሆን ከፈጣሪው ጋር የቆመበት ችሎት ነው። በጎረቤቱ ፊት ንጹሕ የሆነ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ ነኝ ሊል አይደፍርም። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ይስታል። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ትዕቢተኛ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ሁላችን ኃጢአተኞች ስለሆንን ማን ማንን ይከሳል እያለ ድሀው ሲበደል ዝም ይላል።

ይህን በግልጥ የምናይበት መዝሙር 50 ነው። አርእስቱ እንደሚናገረው ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ የተባለ ነው። ታሪኩም በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 11ና 12 ተጽፎአል። ሠራዊቱ የአሞንን ከተማ ረባትን ከብቦ ሲዋጋ ንጉሡ በኢየሩሳሌም ተቀምጦ ነበር። የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፤ በፀነሰችም ጊዜ ነገሩን ለመሸፈን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠራው። ኦርዮ ግን ባልንጀሮቹ በሜዳ ሰፍረው ሳሉ ወደ ቤቱ ሄዶ ሊያርፍ አልወደደም። በመጨረሻም ዳዊት የሞቱን ደብዳቤ በገዛ እጁ አስይዞ ወደ ጦሩ አለቃ ወደ ኢዮአብ ሰደደው። ኦርዮ በቅጥሩ አጠገብ ወደቀ፤ የሞቱም ወሬ በመጣ ጊዜ ንጉሡ፥ ሰይፍ አንዱንም ሌላውንም ይበላል ብሎ ነገሩን እንደ ጦር ዕድል አስቈጠረው።

አባቶቻችን፥ ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ተርተዋል። በእርግጥ በኢየሩሳሌም ዳዊትን የሚከስስ ዳኛ አልነበረም፤ ዳኛው እርሱ ነበረና። ኦርዮም ኬጢያዊ፥ ከባዕድ ወገን ነበር። ነገር ግን ሰማይ ባይታረስም ከሰማይ የሚመጣ ዝናም ማንንም አይለይም፤ የእግዚአብሔርም ቃል በዙፋን ላይ የተቀመጠውን አላለፈውም። ናታን መጥቶ ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድሀውን አንዲት ጠቦት ነጥቆ ለእንግዳው እንዳረደ ነገረው። ዳዊትም ተቈጣ፤ ያ ሰው ሞት የሚገባው ነው፥ ስለ ጠቦቲቱም አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ። ይህም ከዘጸአት ምዕራፍ 22 ሕግ ጋር የተስማማ ቅን ፍርድ ነበረ። ናታንም ያ ሰው አንተ ነህ አለው።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አስተውል። ዳዊት ፍርድን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስለ ሌላ ሰው በፈረደ ጊዜ ፍርዱ ቀጥ ያለ ነበር፤ የጠመመው ወደ ራሱ በዞረ ጊዜ ነው። የእኛም ነገር እንዲህ ነው። የሌላውን ሚዛን ስናይ ዐይናችን እንደ ንስር ይሆናል፤ የራሳችንን ስናይ ግን ጭጋግ ይወርድበታል። ስለዚህ ንስሐ ማለት ሌላ ምንም አይደለም፤ በባልንጀራችን ላይ የምንፈርደውን ያን ቅን ፍርድ በራሳችን ላይ ማጽናት ነው።

ዳዊት በዚህ መዝሙር ምክንያት አያበዛም። ጦርነት ነበረ፥ ሴቲቱ በሰገነቱ ትይዩ ትታጠብ ነበር፥ ሌሎች ነገሥታትም እንዲህ ያደርጋሉ አይልም። በዕብራይስጡ ለበደሉ ሦስት ስም ይሰጠዋል። አንደኛው ፔሻዕ ነው፤ በጌታ ላይ ማመፅ ማለት ነው። ሁለተኛው ዓዎን ነው፤ መጣመም ማለት ነው። ሦስተኛው ሐጣአት ነው፤ ዒላማን መሳት ማለት ነው፥ ኃጢአት ከሚለውም ከእኛ ቃል ጋር የአንድ ሥር ዘመድ ነው። ከዚያም እግዚአብሔር በፈረደበት ሁሉ ጻድቅ እንደ ሆነ ይመሰክራል። በመሥዋዕትም አይመካም፤ የኦሪት ሕግ ሆን ብሎ ለገደለ ሰው የሚቀበለው ቤዛ አልነበረውምና፥ ይህም በዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ተጽፎአል። ሺህ በሬ ቢያርድ የኦርዮን ደም አይሸፍንም። የቀረው የተሰበረ ልብ ብቻ ነበረ። ልቡም እንዲጠገን አይለምንም፤ እንደ አዲስ እንዲፈጠርለት ይለምናል እንጂ። ቃሉም ባራ የሚለው፥ በኦሪት መጀመሪያ ሰማይና ምድር ስለ መፈጠራቸው የተነገረው ቃል ነው።

ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። ዳዊት የበደለው እግዚአብሔርን ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። እንግዲህ ኦርዮስ? ሚስቱን የተነጠቀው፥ ደሙ የፈሰሰው እርሱ አይደለምን? ይህን ቃል በክፉ የሚተረጕሙ ሰዎች አሉ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ታርቄአለሁ፥ ስለዚህ የበደልሁት ሰው ሊጠይቀኝ አይችልም ይላሉ። ይህ ትርጓሜ ሐሰት ነው። ሰው በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ስለ ሆነ ሰውን የመታ እጅ ወደ ፈጣሪው ደርሶአል። የቃሉ ትርጕም የኦርዮ በደል ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የኦርዮ በደል እስከ ሰማይ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ንጉሡን የሚከስ ሰው በምድር ባይገኝ፥ የኦርዮን ነገር እግዚአብሔር የራሱ ነገር አድርጎ ያዘው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ የተወጋው በሞተ ጊዜ ስለ እርሱ እግዚአብሔር አይረሳም። መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ኃያላን ሲቈጥር በሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 23 የመጨረሻው ስም ኦርዮ ኬጢያዊ ነው። በነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ዳዊት ሲመሰገን፥ ከኦርዮ ነገር በቀር ተብሎ ተለይቶአል። ማቴዎስም የጌታችንን ትውልድ ሲጽፍ ቤርሳቤህን በስሟ አልጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት የነበረች ብሎ ጻፋት እንጂ። ይቅርታ በደለኛውን አነሣው፤ የተበደለውን ስም ግን አልደመሰሰም።

እንግዲህ ምሕረት ያለ ፍርድ እንዳልሆነ እናያለን። ናታን ኃጢአቱ እንደ ተወገደለትና እንደማይሞት ነገረው፤ ሰይፍ ግን ከቤቱ እንደማይርቅ ጨምሮ ነገረው። ልጁ አምኖን በወንድሙ በአቤሴሎም እጅ ተገደለ፤ አቤሴሎምም በአባቱ ላይ ተነሥቶ በኢዮአብ እጅ ሞተ። ይቅር የተባለ ሰው የዘራውን እሾህ በእንባ ያጭዳል፤ ሲያጭድ ግን ብቻውን አይደለም።

በዚህ መዝሙር ከሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ግን ሌላ ነው። ዳዊት ከደም ዕዳ እንዲድን ይለምንና፥ በዳነ ጊዜ ምላሱ የእግዚአብሔርን ጽድቅ በደስታ እንደሚዘምር ይናገራል። ወንጀለኛ የዳኛውን ርኅራኄ ቢያመሰግን አያስደንቅም፤ ጽድቁን ሲያመሰግን ግን ማን ሰምቶአል? ሰው የእውነተኛ ንስሐ ምልክት ይህ መሆኑን ይወቅ። ቅጣትን ብቻ የሚፈራ ሰው ዳኛው ዐይኑን እንዲጨፍን ይመኛል። ንስሐ የገባ ሰው ግን ፍርድን ወድዶአል፤ በእርሱ ላይ ቢሆንም እንኳ እውነት እንዲቆም ይፈልጋል።

ስለዚህ እውነተኛ ንስሐ እጅ አለው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ባልንጀራውን የቀማ ወይም የታመነበትን የካደ ሰው እግዚአብሔርን እንደ በደለ ተቈጥሮአል፤ ሆኖም ወደ መሠዊያው ሳይቀርብ አስቀድሞ የወሰደውን ከነአምስተኛው እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ እንዲመልስ ታዝዞአል። ቀራጩ ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። በአገራችንም የቈየ ልማድ አለ፤ በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሎች ፊት ከተበደለው እግር ይወድቃል፥ ካሣም ይቈረጣል። ድንጋዩ ያለ ካሣ፥ ካሣውም ያለ ድንጋዩ ሙሉ ዕርቅ አይሆንም።

ምናልባት፥ የማይመለስ ነገር ቢሆንስ? ትል ይሆናል። ዳዊት ለኦርዮ ነፍሱን ሊመልስለት አልቻለም። ነገር ግን አንድ ሊመልስለት የሚችል ዕዳ ነበረ፤ እርሱም እውነት ነው። ኦርዮ በጦር ዕድል ሞተ ተብሎ ነበር። ይህ መዝሙር ግን ለመዘምራን አለቃ ተሰጠ፤ ይኸውም የንጉሡ ነውር በጉባኤ ፊት እንዲዘመር ነው። ለሙት ሊሰጠው የሚችለውን፥ የገዛ ክብሩን ከፍሎ፥ ሐሰቱን ሻረለት። ሌሎች በደለኞችም እንዲመለሱ መንገድ ሊያስተምራቸው ተሳለ።

ቅዱስ አውግስጢኖስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ430 ዓመት በሂጶ ከተማ ታምሞ ሳለ፥ ከተማይቱም በቫንዳሎች ተከብባ ሳለች፥ የንስሐን መዝሙራት አስጽፎ ከአልጋው ትይዩ በግድግዳ ላይ አስለጠፋቸው፤ እያነበበም ያለቅስ ነበር። ይህን የጻፈልን ወዳጁ ፖሲድዮስ ነው። ብዙ መጻሕፍት የጻፈ ሊቅ በሞቱ ጊዜ የያዘው የራሱን መጽሐፍ አልነበረም።

ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 3 ከዚህ ከመዝሙር 50 ቃል ጠቅሶ፥ በዚያው ምዕራፍ እግዚአብሔር ራሱ ጻድቅ ሆኖ የሚያምነውን እንዴት እንደሚያጸድቅ ያስረዳል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ በዚያ ነው። በክርስቶስ መስቀል ኃጢአት አልተሸፋፈነም፤ ሁሉ እያየ ተፈረደበት እንጂ። ኃጢአተኛው ግን ተጠራ። ምሕረትና ፍርድ በአንድ ስፍራ ተገናኙ።

እንግዲህ ነጋዴ ሆይ፥ ሚዛንህን ከጸሎትህ በፊት አቅና። ዳኛ ሆይ፥ የተቀበልኸው መማለጃ በእጅህ ሳለ እጅህን ለጸሎት አትዘርጋ። ተማሪ ሆይ፥ በባልንጀራህ ላይ የተናገርኸውን ሐሰት በተናገርህበት ሸንጎ ፊት መልሰው። ገንዘቡን ለመመለስ የማትችል ድሀ ብትሆን ሄደህ እውነቱን ንገረው፤ ባለ ዕዳ መሆንህን ማመን የመጀመሪያው ክፍያ ነው። መዝሙር 31 እንደሚያስተምረን ኃጢአቱን ዝም ብሎ የያዘ ሰው አጥንቱ ያረጃል። ዳኛው ሳይጠራህ አንተ ወደ እርሱ ሂድ፤ ፍርዱ እውነት፥ ደጁም ክፍት ነውና።