የተገለበጠ አራጣ

ወለድ ተበዳሪ ከዋናው ገንዘብ በላይ ለአበዳሪ የሚከፍለው ጭማሪ ነው። ቃሉ የወጣው «ወለደ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ የጥንት ግሪኮችም ልጅንና ወለድን «ቶኮስ» በሚል አንድ ቃል ይጠሩ ነበር። አርስቶትል ወለድን የነቀፈው ይህንኑ ቃል ይዞ ነው፤ ገንዘብ የተሠራው ለመለዋወጫ እንጂ ራሱን እንዲወልድ አይደለምና። በአዲስ አበባ ደግሞ ከዚሁ ግሥ ሥር የበቀሉት «ወለድ» እና «ልደታ» አንድ ሠፈር ላይ ይገናኛሉ። ልደታ ስሟን ያገኘችው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከክፍለ ከተማዋ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲኬድ ያለው አካባቢ ዛሬ የባንኮች መንደር ሆኗል። የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንጻም በዚሁ አቅጣጫ 209 ሜትር ቁመት ይዞ ይታያል።

ወለድ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ከባንክ በእጅጉ ይቀድማል። ኦሪት ዘፀአትና ዘሌዋውያን ከተቸገረ ወንድም ወለድ መቀበልን ይከለክላሉ፤ ዘዳግም ግን ከባዕድ መቀበልን ይፈቅዳል። በ325 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት፣ በ17ኛው ቀኖናቸው፣ ወለድ የሚበላ ካህን ከማዕርጉ እንዲሻር ወሰኑ። ቁርኣን ንግድን ፈቅዶ «ሪባ»ን፣ ማለትም አራጣን፣ እርም ያደርጋል። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ግን መክሊቱን የቀበረው ባሪያ የሚወቀሰው ለለዋጮች ሰጥቶ ከነትርፉ ባለማምጣቱ ነው። ምሳሌው የተነገረው ስለ ባንክ ሥራ ለማስተማር ባይሆንም፣ ክልከላው ቀላል መልስ እንደሌለው ያሳያል።

በእነዚህ ሕግጋት ውስጥ የሚታየው ተበዳሪ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ እህሉ ያለቀበት፣ ልጆቹ የተራቡበት፣ ነገ የሚያርሰው እንጂ ዛሬ የሚበላው የሌለው። በኢትዮጵያ ገጠር ክረምት ላይ እህል ተበድሮ በመኸር ዕጥፍ የሚመልስ ገበሬ ይህን ሰው በደንብ ያውቀዋል። ክልከላው የቆመው ለእርሱ ነው። ብድር ችግርን ማቃለያ በሆነበት ዓለም፣ ከችግረኛ ጭማሪ መጠየቅ ከቁስሉ ላይ እንጀራ እንደ መጋገር ይቆጠር ነበር።

ዘመናዊው ሕግም ከዚህ ስሜት ፈጽሞ አልራቀም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ስለ ወለድ በግልጽ ካልተስማሙ ተበዳሪው ወለድ እንደማይከፍል ይደነግጋል፤ ቢስማሙም በዓመት ከ12 በመቶ በላይ መዋዋል አይችሉም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አራጣን በወንጀል ይቀጣል። በሕዝቡ አፍ የባንኩ «ወለድ» ይባላል፣ የግለሰቡ «አራጣ»። ይህ አከፋፈል ባለ ፈቃዱን ከሌለው ይለያል እንጂ ተበዳሪው ላይ የወደቀውን ሸክም አይመዝንም፤ ስለዚህ ለሥነ ምግባር ጥያቄ በቂ መልስ ሊሆን አይችልም።

ወለድ በሌለበትም እንኳ ጊዜ ራሱ ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው እቁብ ነው። አሥር ሰዎች በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ አንዱ ጠቅላላውን ይወስዳል፤ ማንም ከማንም ጭማሪ አይጠይቅም። ሆኖም የመጀመሪያው ባለ ዕጣ በሌሎቹ ገንዘብ ወራት ይሠራበታል፣ የመጨረሻው ግን ሲያበድር ይከርማል። ዕጣው የደረሰው ሰው ተራውን የሚሸጥበት፣ የቸኮለም ጨምሮ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ያ ልዩነት ወለድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያል። እቁብን ከአራጣ የሚለየው ኪሳራውም ጥቅሙም በዕጣና በመተማመን በሁሉም ላይ መዞሩ ነው።

ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎትም ተመሳሳይ ክርክር ይነሳበታል። ብሔራዊ ባንክ ለረጅም ጊዜ ሲጠየቅ የኖረውን አገልግሎት መጀመሪያ የፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በተለየ መስኮት ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ለሆነ ባንክ በሩ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሙራባሃ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጣል። የመጨረሻው ክፍያ ከወለድ ብድር ጋር ሊቀራረብ ይችላል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ስሌቱ ላይ ልክ ናቸው። ነገር ግን ባንኩ ዕቃውን እስኪሸጥ ድረስ ባለቤቱ ነው፤ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚጠፋበት እርሱ ነው። ትርፍ ያለ ኃላፊነት አይገባም የሚለው ሐሳብ ከዕብራውያንም ከሙስሊሞችም ሕግ መንፈስ ጋር ይስማማል፤ የክርክሩም እውነተኛ እምብርት እርሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ግን ሁሉም ወገን አበዳሪው ብርቱ፣ ተበዳሪው ደካማ ነው ብሎ ይነሳል። ባንክ ባለበት አገር ነገሩ ይገለበጣል። ባንክ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ አበዳሪ ነው፤ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ዘበኛው፣ ጡረተኛው። ተበዳሪዎቹ ደግሞ በብዛት መያዣ ያለው ነጋዴና መንግሥት ናቸው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከአንድ ዓመት በላይ ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 10,000 ብር ያስቀመጠች ሴት በዓመቱ 10,700 ብር ታገኛለች፤ አምና በ10,000 ብር የምትገዛው ዕቃ ግን 13,000 ብር ደርሷል። 2,300 ብር ጎደለባት። ለሃይማኖቱ ሲል ወለዱን የተወው ቆጣቢ ደግሞ 3,000 ብር ጎደለበት። ይህ የተገለበጠ አራጣ ነው፤ ደካማው ያበድራል፣ ጭማሪውንም እርሱ ይከፍላል።

የቁጠባ ወለድን ዝቅ አድርጎ ለሚይዘው ፖሊሲ የተሰጠው መከራከሪያ ልማት ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን በሚያህል ገንዘብ በዝቅተኛ ወለድ፣ ሲጀመር በ3 በመቶ፣ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ርካሹ ገንዘብ ፋብሪካና መሠረተ ልማት ይሠራል፣ ቆጣቢውም በሥራና በአገልግሎት መልሶ ያገኘዋል ተብሎ ነበር። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ መንገድና መብራት የጋራ ጥቅም ናቸው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ግብር በአዋጅ ይጣላል፣ በሸንጎ ይከራከሩበታል፣ ከፋዩም መክፈሉን ያውቃል። የተገለበጠው አራጣ ግን ያለ አዋጅ ይሰበሰባል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ቤትና መሬት ገዝቶ መሸሽ የማይችለውን፣ ያለው ጥሬ ብር ብቻ የሆነውን ነው። የጥንቶቹ ሕግጋት ሊጠብቁት የቆሙለት ሰው ይኸው ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አውጥቶ ንረቱን በወለድ ለመግታት አዲስ ሥርዓት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። በዚያን ጊዜም ቢሆን 7 በመቶ ይታሰብላት የነበረች ቆጣቢ በዓመቱ የምትቀበለው፣ ካስቀመጠችው ያነሰ ዕቃ የሚገዛ ገንዘብ ነበር።